የሰርቨሮች ቅንብርና የጧቱ ሪፖርት

(ጦር ኃይሎች አካባቢ በተደረገ የማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የምሥራቅ ምዕራቡ መሥመር ከአያት ተነሥቶ ጉዞውን የሚጨርሰው እዚሁ ጦር ኃይሎች ላይ ነው። ከባቡሩ የወረደው መንገደኛ ወደ ቤቴል፣ ወደ ዓለም ባንክ ወይም ወደ አየር ጤና የሚሄደውን ታክሲ ለመያዝ ሲጣደፍ በግራና በቀኙ ያሉትን ፎቆች ቀና ብሎ አያይም። ቢያይም ዓይኑ የሚያርፈው በባንኩ፣ በክሊኒኩ ወይም በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ላይ ነው። ከእነዚህ ፎቆች በብዙዎቹ ውስጥ ግን አንዲት ጠባብ፣ ቀዝቃዛና ያለ ዕረፍት የምትጮህ ክፍል አለች። የገንዘብ ተቀባዩ መስኮት፣ የሕመምተኛው ካርድ፣ የተማሪው ውጤት ሁሉ የሚቀዳው ከዚያች ክፍል ነው። ሰርቨሮቹ ያሉት እዚያ ነውና።

የዛሬው ንግግር ስለዚያች ክፍል ነው። የሚመረምረውም አንድ ጥያቄን ብቻ ነው፤ ይኸውም በክፍሏ ውስጥ ያሉት ሰርቨሮች እንዴት እንደ ተቀናበሩ መሥሪያ ቤቱ በማናቸውም ጊዜ በእርግጠኝነት ሊያውቅ የሚችለው በምን ዘዴ ነው የሚለውን ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በዚህ አካባቢ አንድ መካከለኛ መሥሪያ ቤት አለ ተብሎ ይታሰብ። መሥሪያ ቤቱ 12 ሰርቨሮች አሉት። አራቱ በመጀመሪያው ጨረታ፣ አምስቱ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ የቀሩት ሦስቱ ደግሞ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል በጥድፊያ የተገዙ ናቸው። ስለዚህም ሥሪታቸው የተለያየ፣ ዕድሜያቸውም የተለያየ ነው። ሁሉንም ያቆማቸው አንድ ባለሙያ ነው። ይህ ባለሙያ ትጉህ ሠራተኛ ነው፤ በሌሊት ቢጠራ ይመጣል፤ የትኛው ሰርቨር በምን ዓይነት ቅንብር እንደሚሠራ ሲጠየቅ ዓይኑን ሳያሽ ይመልሳል። ማስታወሻ ግን አይጽፍም፤ ስለ ምን ይጽፋል? ሁሉም ነገር በራሱ ውስጥ ነውና። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የተሻለ ደመወዝ ያገኝና ይሄዳል። ይህን የመሰለ ነገር በመሥሪያ ቤቱ ደርሶ ያላየ የማኅበሩ አባል ካለ ዕድለኛ ነው።

ባለሙያው ከሄደ በኋላ በአንድ የክረምት ሌሊት መብራት ይጠፋል። ጀኔሬተሩ ሳይነሣ ይዘገያል፤ ዩፒኤሱም የያዘውን ኃይል ጨርሶ ይተኛል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መብራት ሲመለስ ከ12ቱ ሰርቨሮች ሰባቱ በራሳቸው ይነሣሉ። አራቱ ሰው መጥቶ ቁልፋቸውን እስኪጫን ድረስ ጠፍተው ይጠብቃሉ። የቀረው አንዱ ደግሞ የመረጃ ማከማቻው ሳይነሣ ቀድሞ በመነሣቱ ዲስኩን ፈልጎ ያጣና በስሕተት መልእክት ላይ ቆሞ ያድራል። ጧት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ባለጉዳዮች በመስኮቱ ፊት ተሰልፈዋል፤ አዲሱ ተረኛም ከ12ቱ የትኛውን ቀድሞ ማስነሣት እንዳለበት አያውቅም።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር በዚያች ሌሊት አንድም ዕቃ አለመበላሸቱ ነው። እያንዳንዱ ሰርቨር ያደረገው የታዘዘውን ነው። በየሰርቨሩ ውስጥ፣ ከዊንዶውስም ከሊነክስም በታች ባለው የባዮስ ቅንብር ላይ፣ «ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ምን ልሁን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ አንድ መሥመር አለ። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው፤ ተነሣ፣ ጠፍተህ ቆይ፣ ወይም ኃይሉ ሲቋረጥ እንደ ነበርክ ሁን። ከዚህ ጋር አብሮ ሰርቨሩ ወዲያው ይነሣ ወይስ ጥቂት ዘግይቶ ይነሣ የሚል ሌላ መሥመር ይገኛል። መብራት በማይጠፋበት አገር ላለ መሐንዲስ ይህ መሥመር ትዝ የማይለው ተራ ነገር ነው። በአዲስ አበባ ግን መሥሪያ ቤቱ በማግሥቱ ሥራ መጀመር አለመጀመሩን የሚወስነው እርሱ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከፍታ ነው። ጦር ኃይሎችን ጨምሮ አብዛኛው የአዲስ አበባ ክፍል ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። በዚህ ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ማራገቢያው በደቂቃ ያንኑ ያህል ጊዜ ቢዞር እንኳ የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። የአሜሪካ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማስተላለፊያ መሐንዲሶች ማኅበር ኤ2 ብሎ በሰየመው ክፍል ውስጥ ለሚመደቡ ሰርቨሮች የተፈቀደው ከፍተኛ የአየር ሙቀት 35 ዲግሪ ሴልሲየስ ነው። ሆኖም ከ900 ሜትር በላይ ለሚጨምረው ለእያንዳንዱ 300 ሜትር አንድ ዲግሪ እንዲቀነስ መመሪያው ያዛል። በአዲስ አበባ ይህ ወደ አምስት ዲግሪ ይጠጋል፤ ማለትም 35 የተባለው ወሰን እዚህ ወደ 30 ገደማ ይወርዳል። እንግዲህ በቅንብሩ ውስጥ የማራገቢያው ጠባይ በቆጣቢው ወይም በጸጥተኛው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ከሆነ፣ የክፍሉ ማቀዝቀዣ በቆመበት ቀን የሚከተለውን መገመት አያዳግትም። ይህንንም መሥመር ቢሆን ሰርቨሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ስለ አዲስ አበባ ያሰበለት ሰው የለም።

እንደነዚህ ያሉት መሥመሮች በአንድ ሰርቨር ላይ በብዙ መቶ ይቆጠራሉ። የዲስኮቹ አደረጃጀት፣ የኔትወርክ ካርዶቹ ሁኔታ፣ የማስነሻው ቅደም ተከተል፣ የፈርምዌሩ እትም፣ የኃይል አጠቃቀሙ ደረጃ ሁሉ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የእነዚህ ድምር የሰርቨሩ የቅንብር መግለጫ፣ ባለሙያዎች በተለምዶ እንደሚሉት «ፕሮፋይል»፣ ይባላል። ፋብሪካዎቹም ይህን ድምር እንደ አንድ ሰነድ መያዝ እንደሚገባ ከተረዱ ቆይተዋል። ሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የሰርቨር ሥርዓት ላይ የሰርቨሩን ማንነት ከብረቱ ለይቶ በመግለጫ ውስጥ አስቀመጠው፤ ብረቱ ሲበላሽ መግለጫው ወደ ሌላ ብረት ይዛወራል። ዴል የአንድን ሰርቨር ቅንብር በሙሉ በአንድ ፋይል አውጥቶ ለሌላው ለማልበስ የሚያስችል ዘዴ አለው። ኤችፒ ኢንተርፕራይዝ ደግሞ «ዋንቪው» በተባለው መሣሪያው አንድ አብነት ይዘጋጅና እያንዳንዱ ሰርቨር ከአብነቱ ጋር መስማማት አለመስማማቱ እንዲታይ ያደርጋል። ሦስቱም በፓወርሼል የሚታዘዙበትን መንገድ አዘጋጅተዋል።

ፓወርሼል ምን እንደሆነ ለኤሌክትሪክና ለሲቪል መሐንዲሶች ባልደረቦች በአጭሩ ማስረዳት ተገቢ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2006 ያወጣው፣ ትእዛዝን በጽሑፍ የሚቀበል መሣሪያ ነው። የሐሳቡ አባት ጀፍሪ ስኖቨር ነው። ስኖቨር በመጀመሪያ የዩኒክስን የትእዛዝ መሣሪያዎች ወደ ዊንዶውስ ለማምጣት ሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን አልሠራለትም። ምክንያቱም በዩኒክስ ቅንብር ማለት የጽሑፍ ፋይል ሲሆን፣ በዊንዶውስ ግን ቅንብሩ የሚገኘው ፕሮግራሙን በመጠየቅ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2002 «ሞናድ» የተባለውን ሐሳቡን በጽሑፍ አቀረበ። ይህን ሐሳብ በመግፋቱ ከማዕረጉ ዝቅ ተደርጎ እንደ ነበር ራሱ በኋላ ተናግሯል። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ2016 ምንጩ ለሁሉ ክፍት ሆኖ በሊነክስና በማክ ላይም መሥራት ጀመረ።

የሐሳቡ ፍሬ ነገር ይህ ነው። በቀድሞዎቹ መሣሪያዎች አንዱ ትእዛዝ ለሌላው የሚያቀብለው ጽሑፍ ነበር፤ ተቀባዩም ጽሑፉን ከፊደል ቆጥሮ፣ ከመሥመር ለይቶ ትርጉሙን መፈለግ ነበረበት። በፓወርሼል ግን የሚቀባበሉት ዕቃ ነው፤ ስሙ፣ ሁኔታው፣ ቀኑ በየቦታው ተለይቶ የተቀመጠበት ዕቃ። ተቀባዩ «ሁኔታህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ ፊደል አይቆጥርም። የትእዛዞቹም ስም እንደ ዓረፍተ ነገር ግሥና ስም ነው፤ ጌት-ሰርቪስ አገልግሎቶችን አምጣ፣ ኮምፔር-ኦብጀክት ሁለቱን አነጻጽር ማለት ነው። በአንድ ፋይል ውስጥ ተከታትለው የተጻፉ ትእዛዞች ስክሪፕት ይባላሉ። ስክሪፕት ተጽፎ የሚቀር ስለሆነ ባለሙያው ቢሄድ እንኳ አብሮት አይሄድም፤ በዚያ መሥሪያ ቤት የጠፋውም ይኸው ነበር።

ከዊንዶውስ በታች ያለውን ቅንብር ለማንበብ ስክሪፕቱ የሚሄደው በሌላ በር ነው። በእያንዳንዱ ደህና ሰርቨር ውስጥ፣ ከዋናው ኮምፒዩተር የተለየች፣ የራሷ የኔትወርክ መውጫ ያላት አንዲት ትንሽ ተቆጣጣሪ ኮምፒዩተር አለች። ዴል አይድራክ፣ ኤችፒ አይሎ ይሏታል። ዋናው ሰርቨር ጠፍቶ ቢሆንም የኃይል ገመዱ እስካልተነቀለ ድረስ እርስዋ ነቅታ ትጠብቃለች። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውና ሬድፊሽ የተባለው የጋራ ደንብ ከመጣ ወዲህ የተለያዩ ፋብሪካዎችን ተቆጣጣሪዎች በተቀራረበ ቋንቋ መጠየቅ ተችሏል። ፓወርሼልም ኢንቮክ-ሬስትሜተድ በተባለው ትእዛዝ ይጠይቃታል፤ መልሱም እንደ ዕቃ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ከሦስት ጨረታ የተሰበሰቡትን የዚያን መሥሪያ ቤት ሰርቨሮች በአንድ ስክሪፕት መጠየቅ ይቻላል ማለት ነው። ዕድሜያቸው የገፋውን ግን ደንቡ አያውቃቸውም፤ እነርሱን በየፋብሪካቸው መሣሪያ ከማንበብ ሌላ አማራጭ የለም። ይህን የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጁ ባልደረቦች ቢያስቡበት መልካም ነው። በመስፈርቱ ላይ አንድ መሥመር ብትጨመር የማታ ሥራ ታስቀራለች።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነው፤ ችግሩ የሚጀምረው ከተነበበ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ አዲስ ስክሪፕት የተማረ ባለሙያ ከየሰርቨሩ ያገኘውን መሥመር ሁሉ ሰብስቦ፣ በኤክሴል አሳምሮ፣ አርባ ገጽ ሪፖርት ለኃላፊው ያቀርባል። ኃላፊው ያመሰግነዋል፤ ሪፖርቱን ግን አያነበውም። ቢያነበውም አንድ መሥመር ትክክል ይሁን አይሁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ «ማስነሻ፦ ጠፍተህ ቆይ» የሚል ቃል ብቻውን ስሕተትም እውነትም አይደለምና። ስሕተት የሚሆነው መሥሪያ ቤቱ «ተነሣ» ብሎ ወስኖ ከነበረ ነው። ስለሆነም ከሪፖርቱ በፊት ውሳኔ ያስፈልጋል። የትኛው ሰርቨር ቀድሞ ይነሣ፣ የትኛው ስንት ደቂቃ ዘግይቶ ይከተል፣ ማራገቢያው በየትኛው ደረጃ ይሁን የሚለው በኃላፊዎች ፊት ተወስኖ በአንድ ፋይል ይጻፋል። ስክሪፕቱም የተነበበውን ከተወሰነው ጋር ያነጻጽራል፤ በወረቀቱ ላይ የሚያወጣውም ልዩነቱን ብቻ ነው። አርባው ገጽ በዚህ መንገድ ወደ አምስት መሥመር ይወርዳል። ብዙ ባለሙያዎች ይህን የውሳኔ ሥራ የማይወዱት ቴክኒካዊ ስላልሆነ ነው፤ ከባዱ ሥራ ግን እርሱ ነው።

አንድ ሰርቨር ብቻውን ከጓደኞቹ ቢለይ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከማናቸውም ይልቅ ጎልቶ የታየው በአሜሪካ ነው። ናይት ካፒታል የተባለው የአክሲዮን አሻሻጭ ኩባንያ አዲስ የግብይት ፕሮግራም በስምንት ሰርቨሮቹ ላይ እንዲገባ አድርጎ ነበር። ሥራውን የሠራው ባለሙያ በሰባቱ ላይ ሲያስገባ ስምንተኛውን ሳያስገባ ቀረ፤ ሥራውን የሚያይ ሁለተኛ ሰው አልነበረም። በስምንተኛው ሰርቨር ላይ ከብዙ ዓመት በፊት ጥቅም ላይ መዋሉ የቀረ አሮጌ ፕሮግራም ተኝቶ ነበር። ሐምሌ 25 ቀን 2004 ዓ.ም. ገበያው ሲከፈት ያ አሮጌ ፕሮግራም ነቅቶ ያለ ልክ መግዛትና መሸጥ ጀመረ። በ45 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ ደረሰ፤ ኩባንያውም ራሱን ችሎ መቆም አቅቶት በሚቀጥለው ዓመት ከሌላ ኩባንያ ጋር ተጠቃለለ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮች ለዚህ ንግግር ጠቃሚ ናቸው። የመጀመሪያው፣ ባለሙያዎቹ ችግሩን ለማስቆም ሲጣደፉ አዲሱን ፕሮግራም በትክክል ከገባባቸው ከሰባቱ ሰርቨሮች ላይ ማንሣታቸው ነው። በዚህም አሮጌው ፕሮግራም በስምንቱም ላይ ነቃና ጉዳቱ ባሰ። የትኛው ሰርቨር እንደ ተለየ የሚናገር አንድ መሥመር በእጃቸው ቢኖር ኖሮ ያን አያደርጉም ነበር። ሁለተኛው ደግሞ የአሜሪካ የዋስትና ሰነዶች ገበያ ተቆጣጣሪ በኋላ ባደረገው ምርመራ እንደ ገለጸው፣ በዚያን ዕለት ገበያው ከመከፈቱ በፊት የኩባንያው ሥርዓት የስሕተት ምልክት ያለባቸውን 97 የኢሜይል መልእክቶች ለሠራተኞቹ ልኮ ነበር። መልእክቶቹ እንደ ማስጠንቀቂያ የታሰቡ ስላልነበሩ ትኩረት የሰጣቸው ሰው አልነበረም። ሪፖርት ነበረ ማለት ነው፤ አንባቢ ግን አልነበረም።

እዚህም በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ላይ በአንድ ሌሊት የደረሰው የሥርዓት መታወክ ከማንም አልተረሳም። ምክንያቱ የውጭ ጥቃት ሳይሆን ከሥርዓት ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑ በጊዜው ተገልጿል። ያ ጉዳይ የሰርቨር መግለጫ ጉዳይ ነበር ለማለት አይደለም። ነገር ግን በሌሊት የተደረገ አንድ ለውጥ እስኪነጋ ድረስ ስንት ሰው ሊነካ እንደሚችል አገሩ በሙሉ ያየበት አጋጣሚ ነበር።

አሁን ስክሪፕት የሚጽፉ ወጣት ባልደረቦች ብዙ ጊዜ ወደሚሰናከሉበት ነጥብ መምጣት ያስፈልጋል። ፓወርሼል ኢንቮክ-ኮማንድ በተባለው ትእዛዝ ብዙ ሰርቨሮችን በአንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ ሌላ ካልተነገረው በቀር 32 ድረስ ጎን ለጎን ያስኬዳል። ከ12ቱ አንዱ ባይመልስ የስሕተቱ መልእክት በቀይ ቀለም በስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ወደ ሪፖርቱ ፋይል የሚገባው ግን የመለሱት የ11ዱ ውጤት ብቻ ነው። ስክሪፕቱ በሌሊት ማንም ሳያየው ሲሠራ ቀዩን መልእክት የሚያነብ ሰው የለም። በማግሥቱ ኃላፊው የሚያገኘው ንጹሕ ወረቀት ነው፤ ልዩነት የለም፣ ስሕተት የለም። እርሱም ሁሉም ደህና ነው ብሎ ይፈርማል። ዝም ያለው ሰርቨር ግን ከሁሉ ይልቅ ሊጠረጠር የሚገባው ነበር። ስለዚህ ስክሪፕቱ የሚነሣው ከመለሱት ሳይሆን ሊመልሱ ከሚገባቸው ዝርዝር መሆን አለበት፤ በዝርዝሩ ላይ ለእያንዳንዱ ስም አንድ መሥመር ይኖራል፤ ያልመለሰም «አልመለሰም» ተብሎ ይጻፋል። ዝርዝሩ ራሱ ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ የንብረት መዝገብ ጋር በየጊዜው ይመሳከር። በንብረት ክፍል መዝገብ ላይ ኖሮ ከስክሪፕቱ ዝርዝር የተረሳ ሰርቨር ጥፋቱ እስኪደርስ ድረስ ማንም አያስታውሰውም።

የሚቀጥለው ስለ ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከገባ ጀምሮ ኮምፒዩተሮች ፊደሉን በአንድ ደንብ ያውቁታል። ይሁን እንጂ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው የፓወርሼል 5.1 እትም ኤክስፖርት-ሲኤስቪ በተባለው ትእዛዝ ሪፖርት ሲያወጣ፣ ካልተነገረው በቀር የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ በተወሰነው በአሮጌው አስኪ ነው። እንግዲህ የሰርቨሩ ተጠሪ ክፍል «ሒሳብ» ተብሎ በአማርኛ ተመዝግቦ ከሆነ በሪፖርቱ ላይ የሚወጣው የጥያቄ ምልክት ነው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የጥያቄ ምልክት። የጠፋውም ፊደል ከዚያ ፋይል አይመለስም። በአዲሱ በ7ኛው እትም ፊደሉ በዩቲኤፍ-8 ይጻፋል፤ ኤክሴል ግን በፋይሉ መጀመሪያ ላይ የምትቀመጠውን መለያ ምልክት ካላገኘ ፊደሉን አዛብቶ ሊከፍተው ይችላል። ስለዚህ በ5.1 ላይ ዩቲኤፍ-8 ተብሎ፣ በ7 ላይ ደግሞ ዩቲኤፍ-8 ከነመለያው ተብሎ በግልጽ ይታዘዝ። ይህ በአንድ ቃል የሚታረም ስሕተት ነው። ይህን ቃል ባለማወቅ ግን ሪፖርታቸውን ወደ እንግሊዝኛ የመለሱ መሥሪያ ቤቶች ቢኖሩ የሚያስገርም አይሆንም፤ ሪፖርቱን ማንበብ የሚገባው የፋሲሊቲ ኃላፊ ወይም የጥበቃ ኃላፊ ደግሞ በአማርኛ ቢሆንለት ይመርጣል።

ቀንና ሰዓትም እንዲሁ ናቸው። ፓወርሼል የቆመበት ዶትኔት የዕብራውያንን፣ የሂጅራን፣ የፋርስን፣ የታይላንድን የቀን አቆጣጠር ያውቃል፤ የኢትዮጵያን ግን አያውቅም። ስለዚህ ሪፖርቱ በመሥሪያ ቤቱ የበጀት ዓመት፣ ማለትም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30፣ እንዲመደብ የሚፈለግ ከሆነ ቀኑን የሚቀይረው ሥራ በስክሪፕቱ ውስጥ መጻፍ አለበት። ለዚህ የሚሻለው ከአንድ የታወቀ ዕለት ጀምሮ ቀኖችን መቁጠር ነው። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ቀንሶ የሚሄድ አቋራጭ ጳጉሜን ላይ ሲደርስ ይሰናከላል፤ በተለይም ጳጉሜን ስድስት በሚሆንበት በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ። ሰዓቱ ደግሞ ከዚህ ይልቅ አደገኛ ነው። ሰርቨሩ «02:00» ብሎ የጻፈው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ወረቀቱን ያነበበ ተረኛ ግን ጧት 2 ሰዓት ብሎ ቢረዳው አይፈረድበትም፤ እንዲያውም «በዚያን ሰዓት እኔ እዚህ ነበርኩ፣ ምንም አልሆነም» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ሁለቱንም አጻጻፍ ጎን ለጎን ማውጣት ክርክሩን ያስቀራል። የሰርቨሩ ሰዓት ራሱ ትክክል መሆኑም በሪፖርቱ ይካተት፤ በዊንዶውስ ዶሜይን ውስጥ የሰዓቱ ልዩነት እንደ ተለመደው ቅንብር ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሠራተኛው የይለፍ ቃሉን በትክክል ቢጽፍም አይገባም።

ስለ ጥንቃቄም ጥቂት ቃል ያስፈልጋል። ስክሪፕቱ ወደ ሰርቨሮቹ የሚገባበትን የይለፍ ቃል በራሱ በስክሪፕቱ ውስጥ መጻፍ የቤትን ቁልፍ በበሩ ላይ እንደ መስቀል ነው። ማንበብ ብቻ የተፈቀደለት የተለየ መግቢያ ይዘጋጅለት፤ ሪፖርት የሚያወጣ ስክሪፕት ምንም ነገር የመለወጥ ሥልጣን አያስፈልገውም። በዚያ ላይ ሪፖርቱ ራሱ የክፍሏ ካርታ ነው። የትኛው ሰርቨር አሮጌ ፈርምዌር እንዳለው የሚናገረው ወረቀት በሁሉ ሰው የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ሲዘዋወር ከተገኘ ከጠቀመው ይልቅ የጎዳው ይበልጣል።

አንዳንድ ባልደረቦች «ስክሪፕቱ ልዩነቱን ካወቀ ለምን ራሱ አያርመውም?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህም ይቻላል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2013 ከፓወርሼል 4 ጋር ያወጣው ዘዴ ሰርቨሩን ወደ ተወሰነለት ሁኔታ በራሱ ይመልሳል፤ ከላይ የተጠቀሱት የፋብሪካ መሣሪያዎችም ይችላሉ። ብዙ መቶ ሰርቨሮች ላሉት መሥሪያ ቤት ከዚህ ሌላ መንገድ የለውም። 12 ሰርቨሮች ላሉት መሥሪያ ቤት ግን ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት ሪፖርቱ ብቻ ይበቃል የሚለው አስተያየት ያመዝናል። የባዮስ ቅንብር ሲለወጥ ሰርቨሩ ጠፍቶ መነሣትን ይጠይቃል፤ ከዚያም በላይ በሪፖርቱ ላይ ልዩነት ሆኖ ከሚታየው ከፊሉ ስሕተት ሳይሆን፣ የሄደው ባለሙያ አንድ ሌሊት ላይ አውቆ ያደረገውና ምክንያቱን ያልጻፈው ነገር ሆኖ ይገኛል። የተወሰነው ፋይል የሚታረምበት ጊዜም አለ። ሲታረም ማን፣ መቼ፣ ስለ ምን እንዳረመው ከፋይሉ ጋር ይቀመጥ፤ ለዚህ ፕሮግራም ጻፊዎች የሚጠቀሙበት ጊት የተባለው መዝገብ ይበቃል።

ወደዚያ መሥሪያ ቤት እንመለስና፣ ይህ ሁሉ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ከዚያች የክረምት ሌሊት በኋላ ያለው ጧት ምን ይመስል ነበር? ተቆጣጣሪዎቹ መብራት እንደ ተመለሰ ነቅተዋል። ስክሪፕቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከአንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር ተነሥቶ 12ቱን ጠይቋል። አዲሱ ተረኛ ጧት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሲገባ አንድ ገጽ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ሰባቱ ሰርቨሮች በአንድ መሥመር ታልፈዋል። የሦስቱ ኃይል መመለሻ «ጠፍተህ ቆይ» መሆኑና የተወሰነው ግን «ተነሣ» እንደ ነበር ተጽፏል። አንዱ ከማከማቻው ቀድሞ መነሣቱ፣ የመዘግያ ጊዜውም ዜሮ ሆኖ መገኘቱ ተመልክቷል። በመጨረሻው መሥመር ላይ «ሰርቨር 7፦ አልመለሰም» ይላል። ተረኛው ሦስቱን ከወንበሩ ሳይነሣ በኔትወርክ ያስነሣል፤ አራተኛውን አጥፍቶ ያስነሣል፤ ከዚያም የክፍሏን ቁልፍ ከጥበቃው ተቀብሎ ሰርቨር 7ን በዓይኑ ለማየት ይወርዳል። ሰዓቱ ገና 2 አልሞላም።